ከሼክ ሁሴን እስከ ዝዋይ ደሴቶች፤ ውሃ ቅጥር ስለሆነላቸው ሰዎች

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የታሪክ መምህራችን በሐይቅ ላይ የተሠሩ ቤቶችን ሥዕል አሳይተውን ነበር። ቤቶቹ ውሃ ውስጥ በተተከሉ ግንዶች ላይ የቆሙ ናቸው፤ ሰዎቹ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ከቤት ወደ ቤት የሚኬደውም በጀልባ ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት እንዲህ ያለ መንደር በፕራስያስ ሐይቅ እንደነበረ ጽፏል፤ ሕፃናቱ ተንከባለው ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ እግራቸው በገመድ ይታሰር ነበር ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንዲህ ያለ መንደር በአገራችን ይገኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከአእምሯችን አልጠፋም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ለመናገር፣ በግንድ ላይ የቆመ ቤት አላገኘንም። ያገኘነው ግን በግንድ ላይ ቤት የሠሩትን ሰዎች ወደ ውሃ ያስገባቸው ምክንያት ሳይለወጥ የሚታይበትን ስፍራ፣ ይኸውም የዝዋይን ደሴቶች ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያየነውንና የሰማነውን አቅርበን፣ ውሃው ለዚህ ሕዝብ ምን እንደሠራለትና አሁን ምን እንደቀረበት ለማመልከት ነው።

1. መነሻችን ሼክ ሁሴን

ሦስታችንም የባሌ ልጆች ስለሆንን ጉዞውን የጀመርነው ከአገራችን ነው። ነባር ስሙ አናጂና የሚባለው የሼክ ሁሴን መንደር ከባሌ ደጋ ወርዶ ወደ ዋቢ ሸበሌ ሸለቆ በሚያዘነብለው ቆላ ይገኛል። ነጭ የተቀቡት ጉልላታም መቃብሮች ከሩቅ ይታያሉ። መንደሩ የሚኖረው የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች ነው። ጫፉ ባላ የሆነ በትር የያዙ ተሳላሚዎች ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌላም አገር ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው ክርስቲያኖችም አይታጡም።

ሼክ ሁሴን በ12ኛው ወይም በ13ኛው መቶ ዓመት በዚህ ተቀምጠው እስልምናን እንዳስፋፉ ይነገራል። የአረቡ ጸሐፊ አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዓመት ከቆጠራቸው ሰባት የእስላም ግዛቶች አንዱ ባሌ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ታላላቅ ነገሮች አገሩን አናወጡት። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 የተደረገው የኢማም አሕመድ ጦርነት ነው። ሁለተኛው የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ የጻፉት አባ ባሕርይ መነሻውን ከባሌ ያደርጉታል።

እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውል የምንፈልገው ነገር አለ። የሼክ ሁሴን መቃብር ያለው በሜዳ ላይ ነው፤ ወንዝም ገደልም አይከልለውም። ይሁን እንጂ አልጠፋም። ያልጠፋውም አዲስ የመጣው ሕዝብ የራሱ ስላደረገው ነው። ዛሬ ባሕሮ የሚባለው ውዳሴ የሚዜመው በኦሮምኛ ነው። ሼክ ሁሴን በሩን ከፍቶ የኖረ ስፍራ ነው ማለት ይቻላል። እኛም በዚያ ሳለን «በዚያው ዘመን በሩን ዘግቶ የኖረስ ሕዝብ ይኖራልን?» ብለን ተጠያየቅን። ወደ ዝዋይ የወሰደን ይህ ጥያቄ ነው።

2. ሐይቁና ደሴቶቹ

ወደ ሮቤ ተመልሰን በአዳባ፣ በዶዶላና በሻሸመኔ በኩል አድርገን ዝዋይ ከተማ ደረስን፤ ከተማው ዛሬ ባቱ ይባላል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግም አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፤ የቡልቡላ ወንዝ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል።

በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ትርጓሜው በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን ነው። ሌሎቹ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ይባላሉ። የደሴቶቹ ሕዝብ ራሱን ዛይ ይላል፤ በዙሪያው ያለው ኦሮሞ ላቂ ይለዋል። ቋንቋው ሴማዊ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹም ስልጥኛ፣ ወለንኛና የሐረር ቋንቋ ናቸው።

ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው ወደ ቱሉ ጉዶ መጡ፤ ሰላም እስኪሆን ድረስም በዚያ አኖሩት። ሌሎች ደግሞ ከሸዋና ከስልጤ አካባቢ በየዘመኑ፣ በተለይም በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ጊዜ፣ ተጨምረዋል ይባላል። የታቦቱን ነገር ታሪክ ነው ብለን ማረጋገጥ የእኛ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ትረካዎቹ ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማሉ፤ ማንም ወደ ደሴቱ የገባው ዓሣ ፈልጎ ሳይሆን መጠጊያ ፈልጎ ነው።

3. በቱሉ ጉዶ ያየነው

ከባቱ በሞተር ጀልባ ተሳፍረን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጓዝን። ከመካከላችን አንዱ መዋኘት ስለማይችል እስክንደርስ ድረስ የጀልባውን ጠርዝ አልለቀቀም። በመንገዳችን ላይ ከደንገልና ውስጡ እንደ ቡሽ ቀላል ከሆነ የውሃ ዳር እንጨት በተሠራ ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው መረብ የሚስቡ ሰዎች አየን። የሚያወጡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ከውጭ አገር መጥቶ በሐይቁ የተለቀቀው ካርፕ ነው።

ደሴቱ ላይ ስንወጣ በመጀመሪያ ዓይናችንን የሳበው እርከኑ ነው። መሬቱ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ቁልቁለቱ በድንጋይ ካብ ደረጃ በደረጃ ተደልድሏል። ይህን ያህል ካብ የሚክብ ሕዝብ ነገ ወደ የብስ እመለሳለሁ ብሎ የሚያስብ አይደለም። ቤቶቹም በግንድ ላይ የቆሙ አይደሉም፤ በምድር ላይ የተሠሩ ጎጆዎች ናቸው። ስለዚህም ደሴቱ ራሱ እንደ ግንዱ ሆኖ መንደሩን ከውሃው በላይ ተሸክሞታል ለማለት እንወዳለን።

አንድ ሽማግሌ በበራቸው ተቀብለውን አስቀመጡን። «አባቴ፣ የእናንተ ሰዎች ጥንት ከዓሣው ሌላ በምን ይተዳደሩ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። በእርከን እርሻና በሽመና እንደሆነ ነገሩን፤ የሸመኑትን ጨርቅና ያጠመዱትን ዓሣ በታንኳ አሻግረው ከባላገሩ ጋር በእህል ይለውጡ ነበር። ስለዚህ ውሃው ፈጽሞ የዘጋ በር አልነበረም፤ ከፋቹም ዘጊውም ግን ታንኳ ያለው የደሴቱ ሰው ነበር።

ጨዋታው ሞቅ ሲል ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ጠሩና በዛይኛ አንድ ነገር አዘዙት። እኛ ከተናገሩት አንድም ቃል አልገባንም። ልጁ «ቶሌ» ብሎ በኦሮምኛ መለሰና በርጩማ ሊያመጣ ሮጠ። እኛ የባሌ ልጆች የልጁን መልስ ወዲያው አወቅን። ከጉዟችን ሁሉ ከፍ ያለውን ትምህርት ያገኘነው በዚህች ቅጽበት ነው፤ አያትየው የተናገሩት ቋንቋ ለእኛ ለእንግዶቹ የማይሰማ ነበር፤ የልጁ መልስ ግን የእኛም ነው።

4. ስለ ምን ወደ ውሃ ገቡ?

በውሃ ላይ መኖር በሌላም አገር ከመጠጊያ ፍለጋ ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። በቤኒን አገር በኖኩዌ ሐይቅ ላይ የምትገኘው ጋንቪዬ ቤቶቿ እስከ ዛሬ በግንድ ላይ የቆሙ ናቸው። የቶፊኑ ሕዝብ ወደዚያ የገባው የዳሆሜ ነገሥታት ወታደሮች ሰውን እየያዙ ለባሪያ ነጋዴዎች ይሸጡ በነበረበት ዘመን ለማምለጥ እንደሆነ ይተረካል። ዓሣ ማጥመዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በስዊስ አገር እ.ኤ.አ. በ1853 እና 1854 ክረምት የዙሪክ ሐይቅ ውሃ ሲጎድል የታዩትን ግንዶች ፈርዲናንድ ኬለር መርምሮ በውሃ ላይ የተሠራ መንደር ነው ብሎ ነበር፤ የኋላ ምርምር ግን ከእነዚያ መንደሮች ብዙዎቹ በሐይቁ ዳር የነበሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር የኖረ ሁሉ በሐይቅ ውስጥ እንደኖረ አይቆጠርም። ልዩነቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ከአገራችን ምሳሌ እናቀርባለን።

በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በዓሣና በታንኳ ሥራ የታወቁ ናቸው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በዚያ ሲያልፍ ከሌላው ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ሰምቷል። ኦይገን ሚትቮክ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲጽፍ ግን ሁሉም አማርኛ እንደሚናገሩ ገልጿል። ወይጦ ከሁሉ ጋር በየብስ ይገናኝ ስለነበር ቋንቋውን የሚከልልለት ነገር አልነበረም። ዛይ በውሃው ተከልሎ ቋንቋውን ይዞ ቆየ። ለዚህ ነገር ውሃው ብቻ ምክንያት ነው አንልም፤ ደብሩና የጽዮን ትረካ ሕዝቡን እንዳያያዙት አይተናል። ሆኖም ቅጥሩ ባይኖር ኖሮ ሌላው ሁሉ ለብቻው መጽናቱን እንጠራጠራለን።

5. ቅጥሩ ከተከፈተ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1886 በአዙሌ ጦርነት የአርሲ ኦሮሞ ተሸንፎ አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ገባ። ለአርሲ ሕዝብ ይህ የመከራ ዓመት ነበር። ለዛይ ግን የየብሱ በር የተከፈተበት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ከደሴቶቹ እየወጡ በሐይቁ ዳርና በከተሞቹ ሰፈሩ፤ ዛሬ አብዛኛው ዛይ የሚኖረው በየብስ ነው። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ጋብቻው ሁሉ በኦሮምኛና በአማርኛ ይካሄዳል። ዛይኛን የሚናገሩት ጥቂት ሺዎች ብቻ ናቸው። ሐይቁ ራሱም ዕረፍት የለውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተስፋፉት የአበባና የአትክልት እርሻዎች ውሃውን በፓምፕ ይስባሉ። በባቱ የዓሣ ገበያ አባ ኮዳዎች ተሰልፈው ፍርፋሪ ሲጠብቁ አይተናል፤ ፊሌቶ የሚያወጡት ሰዎች ግን የሚገባው ዓሣ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ነው ብለው ነገሩን።

ዛይ ወደ ደሴቱ ይመለስ ብሎ የሚፈርድ አይኖርም፤ እኛም አንልም። ልጃቸውን ለሐኪም ለማድረስ ሐይቁን በማዕበል ማቋረጥ ያለባቸው እናቶች ወደ የብስ መውጣታቸው ተገቢ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። በውሃ የተጠበቀው ነገር ውሃው ካልጠበቀው ማን ይጠብቀዋል?

መልሱን ያገኘነው ወደ መነሻችን ስንመለስ ነው። ሼክ ሁሴን ቅጥር አልነበረውም፤ የኖረው በየዓመቱ በሚመጡት፣ በሚያዜሙትና ለልጆቻቸው በሚያስተምሩት ሰዎች ነው። ዛይኛም ከእንግዲህ የሚኖረው በዚህ መንገድ ብቻ ይመስለናል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1999 የቋንቋውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል፤ ከእርሱም በኋላ ሮኒ ማየር አጥንቶታል። መጽሐፍ ግን በቤት ውስጥ አይናገርም። ስለዚህ ከጓደኞቻችን መካከል የዛይ ልጆች የሆኑ ቢኖሩ፣ በሚመጣው ዕረፍት አያቶቻቸው ዘንድ ሄደው ትረካውን በቋንቋው እንዲቀርጹና እንዲጽፉ፣ መምህራኖቻችንም ለዚህ ሥራ መቅረጫ መሣሪያና መጠነኛ የጉዞ ገንዘብ እንዲያስፈቅዱላቸው በትሕትና እናሳስባለን። እኛ ከሽማግሌው ደጅ ተቀምጠን የልጁን መልስ ብቻ ሰምተን መጣን። የአያቱን ቃል የሚሰማ ሰው መሄድ አለበት።