በሕያው ሰው ውስጥ የልብ ደም ሥር እንዴት ለመታየት በቃ

ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም ቢያድልም፣ ለራሱ የሚመገበው ከዋናው የደም ሥር መነሻ በሚወጡ ኮሮናሪ በሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ሥሮች ነው። አንዳንድ ሰው ከእነዚህ አንዱ ያለቦታው በቅሎበት ወይም ጨርሶ ሳይኖረው ይወለዳል። ይህ ጉድለት ለብዙ ዘመን የሚታወቀው ሬሳ ሲመረመር ነበር፤ ለባለቤቱ ምን ይጠቅመዋል!

ለውጡ በድፍረት ተጀመረ። በ1929 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በኤበርስቫልደ ከተማ ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ሐኪም፣ አለቃው ቢከለክለውም፣ የክንዱን ደም ሥር ቀዶ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጭን ቱቦ ወደ ልቡ አስገባ፤ ቱቦው እንደተሰካም ሄዶ ራጅ ተነሣ። ይህ ሥራ በአገሩ ሊቃውንት ዘንድ ክብር አላስገኘለትም። በ1956 ከኩርናንና ከሪቻርድስ ጋራ የኖቤል ሽልማት ሲካፈል፣ እርሱ የልብን ነገር ትቶ የኩላሊትና የሽንት ሐኪም ሆኖ ነበር።

ቱቦ ልብ ውስጥ ይግባ እንጂ፣ በራጅ የሚታየውን ፈሳሽ በቀጥታ ወደ ኮሮናሪ መርጨት ይገድላል ተብሎ ይፈራ ነበር። ኦክቶበር 30 ቀን 1958 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ዶክቶር ሜሰን ሶንስ የአንድ የ26 ዓመት ሰው ልብ ሲመረምር፣ ቱቦው ሾልኮ ቀኝ ኮሮናሪ ውስጥ ገባና ፈሳሹ ፈሰሰበት። ልቡ ቆመ። ሶንስ ደረቱን ሊከፍት ቢላዋ ሲፈልግ፣ ድንገት ሐሳቡን ለውጦ «ሳል!» ብሎ ጮኸበት። ሰውየው ሲያስል ልቡ እንደገና መታ። ሶንስም ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ፣ በመጠኑ እየረጨ፣ ኮሮናሪዎችን በፊልም ማንሣት ጀመረ።

እንዲህ ሆኖ በዐዋቂዎች ላይ ጉድለቱ በሕይወት ሳሉ ይገኝ ጀመር። ዛሬማ ቱቦ ሳይገባ በሲቲ ስካን ይታያል። ከሳንባ ደም ሥር የበቀለው ተነቅሎ በዋናው ላይ ይተከላል፤ በሁለቱ ታላላቅ ሥሮች መካከል ተጨምቆ የሚያልፈውም በኦፕራሲዮን መንገዱ ይሰፋለታል። ብዙዎቹ ግን ጉዳት ስለሌላቸው አይነኩም።

አስቸጋሪው ነገር ጤነኛ መሳዩን ማን ይመረምራል የሚለው ነው። አሜሪካዊው ፒት ማራቪች 10 ዓመት ከታላላቅ ቡድኖች ጋራ ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል። ጃንዋሪ 5 ቀን 1988 በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዲና፣ ለመዝናናት ሲጫወት ወድቆ በ40 ዓመቱ ሞተ። ሬሳው ሲመረመር ግራ ኮሮናሪ አልነበረውም።

በእኛም አገር በሩጫ መካከል ራሱን ስቶ የወደቀን ልጅ «ምች ነው»፣ «ቁርስ ሳይበላ ነው» እያሉ ማለፍ የተለመደ ነው። ሐኪም ግን «የወደቅኸው ስትሮጥ ነው ወይስ ቆመህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሲሮጥ ከሆነ፣ ልጁ ተኝቶ የተነሣው የልብ ኤሌክትሪክ ደኅና ቢመስልም እንኳ ምርመራውን አያቆምም።