ሳቅ በሕጻናት ሕሙማን ክፍል፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

ከሁሩሙና ከአካባቢዋ በጠና የታመመ ልጁን ይዞ የሚጓዝ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በስሙ የተጠራለት ካርል ሃይንዝ በም ሐኪም አልነበረም፤ በ1950ዎቹ በፊልም ዝናን ያተረፈ ኦስትሪያዊ ተዋናይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1981 በአንድ የቴሌቪዥን የመዝናኛ ዝግጅት ላይ ለተራቡ ወገኖች ገንዘብ ካሰባሰበ በኋላ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሥርቶ፣ ኢሉባቦርን ጨምሮ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ለረጅም ዘመን ሠርቷል። በም ዝናውን ለሕሙማን አዋለ፤ የመድረክ ሙያን ራሱን ወደ ሕሙማን አልጋ ያደረሱት ግን ሌሎች ናቸው።

የሰርከስ ቀልደኞች፣ በተለምዶ ክላውን የሚባሉት፣ የታመሙ ሕጻናትን መጎብኘት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በ1908 በፓሪስ ይታተም የነበረው ለ ፔቲ ዡርናል ጋዜጣ በለንደን የሕጻናት ሆስፒታል ትርኢት የሚያሳዩ ክላውኖችን በሥዕል አውጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ዓይነቱ ጉብኝት የበጎ አድራጎት ተግባር እንጂ ቋሚ አገልግሎት አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በ1986 ነው። የቢግ አፕል ሰርከስ መሥራች ከሆኑት አንዱ ማይክል ክሪስተንሰን ወንድሙን በካንሰር ባጣ ማግስት በኒው ዮርክ በሚገኝ የሕጻናት ሆስፒታል ትርኢት እንዲያሳይ ተጋበዘ። ነጭ ጋውን ለብሶ፣ «ዶክተር» ተብሎ፣ የቀይ አፍንጫ ንቅለ ተከላ «ሕክምና» እያቀረበ ሐኪሞችን ራሳቸውን መቀለጃ አደረጋቸው። ሕጻኑን ያስፈራው የነበረው ጋውን በዚህ መንገድ መሳቂያ ሆነ። ከዚያም የሠለጠኑ ተዋንያን በቋሚነት ተመደቡ። ሐሳቡ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በ1991 በፈረንሳይ፣ በ1993 በስዊዘርላንድ፣ በ1994 በኦስትሪያ ተመሳሳይ ድርጅቶች ተቋቋሙ። በእነዚህ ዘንድ ሥራው የራሱን ሥርዓት ይዟል፦ ክላውኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ ስለ ሕጻኑ ሁኔታ ከነርሶች አስቀድመው ይረዳሉ፤ በሩ ላይ ቆመው የሕጻኑን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሕጻኑ እምቢ ካለ ይመለሳሉ። መርፌንም ሆነ ምርመራን እምቢ ማለት ለማይችል ሕጻን፣ ይህ በእጁ የቀረች ብቸኛ ውሳኔ ልትሆን ትችላለች።

በ2005 የታተመ የጣሊያን ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 40 ሕጻናትን ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ከወላጅ ጋር ክላውኖች አጅበዋቸው ወደ ሰመመን ክፍል የገቡት ሕጻናት ጭንቀት፣ ወላጅ ብቻ ከነበራቸው ይልቅ በጉልህ ያነሰ ሆነ። የሆስፒታሉ ባለሙያዎችም ጥቅሙን አመኑ፤ ሆኖም የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ሥራ ያውካል በማለት አብዛኞቹ አገልግሎቱ እንዳይቀጥል ፈለጉ። በ2020 የቀረበ የ24 ጥናቶች ግምገማ ደግሞ ከሆስፒታል ክላውኖች ጋር የቆዩ ሕጻናት ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ አመልክቷል።

በአገራችን ዘመናዊው ሰርከስ የተስፋፋው በ1991 በአዲስ አበባ ከተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ወዲህ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በጅማም የሰርከስ ቡድን ተቋቁሟል። ትርኢቶቹ ስለ ኤድስ መከላከልን የመሳሰሉ የጤና መልእክቶችን ለሕዝብ አድርሰዋል። በ2004 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ ደግሞ ክላውኖቹን ይዞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወደተኙ ሕጻናት ዘልቋል።

ከዚህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ የሚተርፈው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክላውን ሕክምናን አይተካም፤ ነገር ግን ጊዜውና ቦታው ከባለሙያዎች ጋር አስቀድሞ ካልተመከረበት፣ ጥቅሙ የታመነበት አገልግሎት እንኳ በሆስፒታሉ በር ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ክላውኖቹ ከሚያደርጉት ውስጥ ሰርከስ የማይጠይቅ ነገር አለ። ከመርፌው በፊት ቁጭ ብሎ ሕጻኑን በስሙ መጥራት፣ የሚደረግለትን በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ የትኛውን እጅ እንደሚሰጥ እንዲመርጥ መፍቀድ በሁሩሙም በመቱም ዛሬውኑ ሊደረግ ይችላል።