የአንጎል ሲቲ ስካን፦ ከሪፖርቱ ጋር የምስሉን ፋይል መያዝ ለምን ያስፈልጋል?

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት አካባቢ የሚኖሩ ተገልጋዮች የአንጎል ምስል ምርመራን በአንድ ተቋም፣ ሕክምናውን ደግሞ በሌላ ተቋም የሚያገኙበት ጊዜ አለ። በግል የምርመራ ማዕከል የተነሣ ምስል ተይዞ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ገርጂ ወደሚገኘው፣ በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል ወደሚባለው ተቋም ይኬዳል። ተገልጋዩ የሪፖርት ወረቀቱንና የታተመውን ፊልም ብቻ ይዞ ቢቀርብ ለሐኪሙ ይበልጥ የሚጠቅመው ይጎድላል፤ ይኸውም በሲዲ ወይም በፍላሽ የሚሰጠው የምስሉ ፋይል ነው።

ሲቲ ስካን እንደ ፎቶግራፍ የሚታይ ይሁን እንጂ በመሠረቱ የቁጥሮች ስብስብ ነው። መሣሪያው እያንዳንዱ የአንጎል ክፍል የራጅ ጨረርን ምን ያህል እንደሚያስቀር ለክቶ ይመዘግባል። መለኪያው የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት በተጋራው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም ነው። በዚህ መለኪያ ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ የአንጎል ሕብረ ሕዋስ በግምት ከ25 እስከ 40፣ በቅርቡ ፈስሶ የረጋ ደም ከ50 እስከ 80 ገደማ ሲሆን፣ አጥንት ብዙ መቶዎችን ያልፋል። ዐይን ይህን ሁሉ በግራጫ ቀለም ብቻ መለየት ስለማይችል ባለሙያው የቁጥሩን ክልል አንዴ ለአንጎል፣ አንዴ ለአጥንት እያስተካከለ ያያል። ፊልም ላይ ከታተመ በኋላ ግን ይህ አይቻልም፤ የፊልሙ የስልክ ፎቶ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ፋይሉ ለልኬትም ያገለግላል። በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ርዝመቱ 5፣ ስፋቱ 4፣ ከፍታው 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሦስቱ ተባዝተው ለሁለት ሲካፈሉ መጠኑ 30 ሚሊ ሊትር ያህል መሆኑ ይታወቃል። በጭንቅላት አደጋ ጊዜ የአንጎል መሃል መስመር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መሸሹ ለቀዶ ሕክምና ውሳኔ ከሚመዘኑት አንዱ ነው። ደሙ መጨመር አለመጨመሩ የሚለየውም የኋለኛው ምስል ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ነው።

በደም ሥር መዘጋት የሚመጣ ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሲቲ ስካን ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ሪፖርቱ «ችግር አልታየም» ማለቱ ብቻውን ስትሮክ የለም ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ ምርመራው በዋናነት የሚፈለገው የደም መፍሰስ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደም ለሚፈሰው ሕመምተኛ አደገኛ ነው፤ በአብዛኛው የሚሰጠውም ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በመሆኑም አስታማሚዎች ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ለሐኪሙ መንገር ይጠበቅባቸዋል። ፊት ከተጣመመ፣ የአንድ ወገን ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ በ907 አምቡላንስ መጥራት ይገባል።

ተገልጋዮች ፋይሉን ሲረከቡ ስምና ቀኑ ትክክል መሆኑን ቢያረጋግጡ፣ የቀድሞ ምስል ካለም አብረው ቢያቀርቡ፣ ለድጋሚ ምርመራ የሚወጣው ወጪና ጨረር ሊቀር ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል የምትገምት ተገልጋይ ከምርመራው በፊት ለባለሙያው ታሳውቃለች።