ኦወን፦ ከጆንያ ወጥቶ ጦር ሜዳ የዋለው አጭር መትረየስ

አንድ አዲስ ሥራ ሲቀርብ ሥራውን ከመፈተን ይልቅ የሠሪውን ማንነት መመርመር በብዙ አገሮች የታየ ስሕተት ነው። በአውስትራሊያ የተሠራውና የሽጉጥ ጥይት የሚተኩሰው ኦወን የተባለው አጭር መትረየስ ታሪክ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የዎሎንጎንግ ከተማ ተወላጅ የሆነው ኤቭሊን ኦወን በ1939 ዓ.ም. ገና በ24 ዓመቱ በእጁ የሠራውን ናሙና ሲድኒ ላሉ የጦር ሠራዊት ሹማምንት ቢያቀርብም ተቀባይነት አላገኘም። በ1940 ዓ.ም. ወታደር ሆኖ ሲዘምት ናሙናውን በጆንያ ከቶ ትቶት ሄደ። ይህንኑ ያገኘው ጎረቤቱ ቪንሰንት ዋርዴል ነው፤ እርሱም በፖርት ኬምብላ የሚገኘው የላይሳት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበርና የመሣሪያውን ጥቅም ወዲያው ተረዳ። ከዚያ በኋላ ናሙናውን ለጦርነት ብቁ ያደረጉት የፋብሪካው ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ መሣሪያው በአንድ ሰው ስም ቢጠራም የብዙዎች ድካም ፍሬ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ክርክሩን የቈረጠው በመስከረም 1941 ዓ.ም. የተደረገው ፈተና ነው። ከአሜሪካው ቶምሰንና ከእንግሊዙ ስቴን ጋር በጭቃና በአሸዋ ተለውሶ ሲተኰስ ኦወን ሳያቋርጥ ሠራ። ምክንያቱም የጥይት መያዣው ከላይ የተተከለ፣ የቀለህ መውጫው ወደ ታች የተከፈተ በመሆኑ ቆሻሻው ይራገፋል፤ የመወጠሪያው እጀታም ከውስጠኛው ክፍል በግድግዳ ስለ ተለየ ጭቃ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ወደ 45,000 የሚጠጋ ተሠርቶ በኒው ጊኒ ጫካዎች፣ ኋላም በኮሪያ፣ በማላያና በቬትናም አገልግሏል። ክብደቱና የተኩሱ ርቀት ማጠር ጉድለቶቹ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ወታደሩ በዚያው አገር ከተሠራው ከኦስቴን ይልቅ እርሱን መረጠ። ኦወን ግን ብዙ ሳይቈይ በ1949 ዓ.ም. በ33 ዓመቱ አረፈ።

መሣሪያ የሚሠራው ሰውን ለመግደል ነውና ዝናው ብቻውን ሊያስደስተን አይችልም። ለትምህርት የሚተርፈው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም የወጣቱን ሥራ ሳይፈትኑ መናቅ ለአገር ኪሳራ መሆኑ፣ የፈጠራ ሐሳብም ሙያተኛና ፋብሪካ ካላገኘ በጆንያ ውስጥ የሚቀር መሆኑ ነው።