ደመወዝ

ግዕዙ «ዐስብ» ብሎ የሚጠራውን፣ የቀን ሠራተኛ ምንዳ የሚለውን፣ እኛም ዛሬ ደመወዝ የምንለውን ነገር፣ በወር መጨረሻ እጃችን የገባው ገንዘብ ሁሉ ነው ብለን መያዛችን ልማድ ሆኖአል፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ደመወዝ ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሚሠራው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ መሆኑን ደንግጎ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የመጓጓዣና የውሎ አበልን፣ ቦነስንና ይህን የመሰለውን ሁሉ ከቃሉ ትርጓሜ ያወጣል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው፣ ከባቱ በስተደቡብ ባለችው በቡልቡላ፣ በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሊገባ የሚሻ ወጣት ውሉን ሲፈርም ነው። ለአብነት፣ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት እየሠራ 4,160 ብር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው፣ ወሩ በ208 ሰዓት ቢታሰብ፣ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 20 ብር ነው፤ እንግዲህ አንዱ ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ 30 ብር፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ 35 ብር፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን 40፣ በሕዝብ በዓል 50 ብር ያስከፍላል። ያው ገንዘብ እኩሌታው ደመወዝ፣ እኩሌታው አበል ተብሎ ቢጻፍ ግን፣ ይህ ሁሉ በግማሽ ይወርዳል። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚዋጣው ጡረታም የሚሰላው በደመወዙ ላይ ነውና፣ ጉዳቱ እስከ እርጅና ዘመኑ ይከተለዋል፤ እኔን አብልጦ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ስለዚህ የቡልቡላ ልጆች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት «ደመወዝ» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር ለብቻው አንብቡ፤ አበሉን ከእርሱ ጋር አትደምሩት።