ያልጠየቀችው የቁም ተዝካር

የቁም ተዝካሩን የሚያወጣ ሰው በሀገራችን አይታጣም። ጠላው ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ካህናቱ ይጠራሉ፤ ባለተዝካሩ ራሱ ደግሶ፣ ራሱ አብልቶ «ስሞት ማን ያወጣልኛል?» ከሚለው ስጋቱ ይገላገላል። ወዶና ፈቅዶ ነው እንግዲህ። ዛሬ ታሪኳን የምናወጋችሁ ሴት ግን ማንም ሳያስፈቅዳት ዓለም ተዝካሯን አወጣላት። ሻማ በራላት፣ አበባ ተቀመጠላት፣ ፎቶዋ በትልልቁ ታትሞ በየሰልፉ ተያዘ። እሷ ደግሞ በሕይወት ነበረች፤ ኧረ እንዲያውም «ስህተቱን አርሙልኝ» እያለች ደብዳቤ ትጽፍ ነበር።

ነዳ ሶልታኒ ትባላለች። ኢራናዊት ናት፤ ያኔ ዕድሜዋ 32 ሲሆን በቴህራን አዛድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ታስተምር ነበር። ፖለቲካ ውስጥ የለችበትም። እንደማናችንም የፌስቡክ ገጽ ነበራት፤ ገጿ ላይ ደግሞ አበባ ያለበት ሻሽ ጣል አድርጋ ፈገግ ያለችበት ፎቶ። የነገሩ ሁሉ መነሻ ያቺ ፎቶ ናት።

ጊዜው ሰኔ 2001 ዓ.ም. ነው። በኢራን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ተካሂዶ ማሕሙድ አሕመዲነጃድ አሸነፉ ሲባል «ድምፃችን ተሰረቀ» ያለው ሕዝብ ጎዳና ወጣ። ሰኔ 13 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጁን 20 ቀን 2009፣ ነዳ አጋ ሶልታን የምትባል የ26 ዓመት ወጣት ቴህራን ጎዳና ላይ በጥይት ተመታ ሞተች። ስትሞት በሞባይል ተቀርጻ ነበርና ምስሉ በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የውጭ ጋዜጠኞች ተቃውሞውን ወጥተው እንዳይዘግቡ ታግደዋል፤ ዜናው ግን ፊት ፈለገ። በደም ያልተሸፈነ፣ በሕይወት ሳለች የነበራት ፊት። ስሟን ፌስቡክ ላይ የፈለጉ ሰዎች ተቀራራቢ ስም ያላት፣ ፈገግ ያለች ወጣት አገኙ። ማን ይጠይቅ! ፎቶዋ ተወሰደ፣ ተለጠፈ፣ በቴሌቪዥን ታየ፣ በጋዜጣ ታተመ።

በማግስቱ መምህርቷ የገጠማት ከማታውቃቸው ሰዎች የጎረፈ የጓደኝነት ጥያቄና የመልዕክት መዓት ነው። ለካ የሚጽፉላት ሞታ ይሆን ወይስ አለች የሚለውን ሊያጣሩ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? «ዝም አይነቅዝም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ? እሷ ዝም አላለችም። መጀመሪያ ለአንድ የውጭ ጣቢያ ስህተቱን ገልጻ ጻፈች፤ ልዩነቱ እንዲታያቸው ሌላ ፎቶዋን አያይዛ ላከች። በኋላ እንደተናገረችው ጣቢያው ያንኑ ፎቶ እንደ አዲስ የሟች ምስል አድርጎ አቀረበው። ቀጥላ ፎቶዋን ከገጿ አነሳች። ይኼ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ «መንግሥት የሰማዕቷን ፎቶ እያጠፋ ነው» ያሉ ሰዎች በቁጭት ይበልጥ አባዙት። ለሚጽፉላት ሁሉ «እኔ እሷ አይደለሁም» ብላ ስትመልስ አንዳንዱ የመንግሥት ሰላይ ናት ብሎ ሰደባት። የሟች ቤተሰቦች የልጃቸውን እውነተኛ ፎቶ ከሰጡ በኋላ እንኳ የተሳሳተው ፎቶ ከእውነተኛው ጎን ለጎን መዞሩን ቀጠለ።

ወዲያው ደግሞ የሀገሯ የደህንነት ሰዎች መጡ። እሷ እንደምትለው የፈለጉት ካሜራ ፊት እንድትቆምላቸው ነበር፤ ሞተች የተባለችው ይኸው አለች፣ የምዕራባውያን ፈጠራ ነው ለማለት። እምቢ ስትል በሀገር ክህደት ትወነጀል ጀመር። ነዳ አጋ ሶልታን ከሞተች ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ መምህርቷ ቤተሰቧን፣ ሥራዋን፣ ቤቷን ጥላ ከኢራን ወጣች። ጀርመን ጥገኝነት ሰጠቻት። በ2012 እ.ኤ.አ. ታሪኳን መጽሐፍ አድርጋ አሳተመች። እንግዲህ ምላሿ ሙሉ ለሙሉ የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በስደት ሀገር መሆኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

እኛን በጣም ያሳሰበን በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ የሚባል ዘጋቢ አለመኖሩ ነው። ማንም ስሟን ሊያጠፋ አልተነሳም፤ እንዲያውም ሊያከብሯት ነበር። ስም ማጥፋት ሲባል ስድብና ሐሜት ብቻ ይመስለናል እንጂ ያለቦታው የተሰጠ ሙገሳም ሰው ያሰድዳል። የተበደለችውም አንዲት ሴት ብቻ አይደለችም። ለሞተችው ነዳም ዓለም ያለቀሰላት በሌላ ሰው ፊት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የእሷ ስም ከመቃብር በላይ ሲውል ፊቱ የሌላ ሰው ሆነ።

ለመሆኑ ሰው የተዛባ ዜና ሲወጣበት መልስ የመስጠት መብት ከየት መጣ? ታሪኩ ረዥም ነው። ፈረንሳዮች በ1822 እ.ኤ.አ. በሕግ አስገቡት፤ በ1881ዱ ዝነኛ የፕሬስ ሕጋቸው አንቀጽ 13 ደግሞ አጠናከሩት። በጋዜጣ ስሙ የተነሳ ሰው መልስ ከላከ ዕለታዊ ጋዜጣ በ3 ቀን ውስጥ ማተም አለበት፤ ጽሑፉ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ያለ ክፍያ። ልብ በሉ! ሕግ አውጪዎቹ የአርታኢን ብልሃት ያውቁታል፤ ስድቡ በፊት ገጽ በትልልቁ ወጥቶ ማረሚያው በመጨረሻው ገጽ ከሥራ ማስታወቂያ ሥር እንደሚወሸቅ ገብቷቸዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ይኼንኑ መብት ለኢንተርኔት ጽሑፍም አደረጉት።

አሜሪካኖቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። የፍሎሪዳ ግዛት በ1913 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሕግ ነበራት። ፓት ቶርኒሎ የሚባል የመምህራን ማኅበር መሪ በ1972 ለግዛቱ ምክር ቤት ሲወዳደር ማያሚ ሄራልድ ጋዜጣ ነቀፈው፤ ምላሼን አትሙ ቢል እምቢ አሉት። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1974 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለጋዜጣው ፈረዱ፤ ምን እንደሚታተም የሚወስነው አርታኢው እንጂ መንግሥት አይደለም አሉ። አንዱ ሀገር ለተነካው ሰው አደላ፣ ሌላው ለፕሬሱ። ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

የኛስ? የኛ ሕግ ከምናስበው በላይ ቀድሞ አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (ዋና አርቃቂው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው) አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፌስቡክ ሊፈጠር ከ40 ዓመት በላይ ሲቀረው! አንቀጽ 28 ግን ለታዋቂ ሰውና የሕዝብ ጥቅም ላለው ሁነት በር ይከፍታል፤ ክርክሩም የሚነሳው እዚያ በር ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ክብሩ የተነካ ሰው መልሱ በነፃ እንዲወጣለት ደንግጎ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሕጎች ነዳን ያድኗት ነበር? አይመስለንም። ሕጉ አንድ ጋዜጣ፣ አንድ አርታኢ፣ አንድ አድራሻ አለ ብሎ ነው የሚነሳው። የእሷ ፎቶ ግን አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቁጥር ስፍር በሌለው እጅ ገብቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለቃል ነበር፤ ፎቶ ከቃልም ይፈጥናል። ከ1881ዱ ሕግ ዛሬም የሚጠቅመን ግን አንድ ሐሳብ አለ፤ ማረሚያ ዋጋ የሚኖረው ስህተቱ በተቀመጠበት ቦታ ሲቀመጥ ነው። ነዳ መልስ አልሰጠችም አንልም፤ ሰጥታለች፣ ደጋግማ ሰጥታለች። ያጣችው እኩል ቦታ ነው።

ስለዚህ ነገ በእናንተ ገጽ ላይ የጻፋችሁት ተቆርጦ፣ ፎቶአችሁ ተወስዶ ዜና ሆኖ ብታገኙት ከእሷ ታሪክ የተማርነውን እንንገራችሁ። ከመሰረዛችሁ በፊት ሁሉንም፣ የእናንተንም የእነሱንም፣ ከነቀኑ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ የጠፋ ነገር ለሌላ ወሬ ይመቻል። በየአስተያየቱ ሥር ከመጨቃጨቅ ለአርታኢው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ስድብ ሳይሆን ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ፣ እውነቱ ምን እንደሆነ፣ የት ቦታ እንዲታረም እንደምትፈልጉ። አዲስ ፎቶ አትላኩላቸው፤ የነዳ ሁለተኛ ፎቶ የት እንደዋለ አይታችኋል። ብቻችሁን አትሁኑ፤ የሚያውቋችሁ ሰዎች አብረዋችሁ ይመስክሩ።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ጋዜጠኝነት ተምረን ስንለማመድ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር የመጀመሪያው ትዕዛዝ «ፌስቡክ ገጹን ፈልጉ» የሚል ነበር፤ ከፎቶው ሥር «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ብለን ጽፈን ሥራ የሠራን መስሎን ወደ ቤታችን ሄደናል። ፌስቡክ ምንጭ ነው እንዴ? ምንጩ ባለገጹ ነው፤ እሱ ባይኖር ቤተሰቡ። አንድ ስልክ መደወል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ የቴህራን አስተማሪ ሀገሯን ያጣችው ያንን ደቂቃ የሚሰጣት ሰው ስላልተገኘ ነው።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ብለዋል አባቶቻችን። ፎቶ ሲያሳዩንም እንደዚያው ይሁን።

ቸር እንሰንብት!