በአሸዋ ዳር የተዘጋው የመጻሕፍት ክፍል

የሰው አገር ለማየት የሚነሣ መንገደኛ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ያየውን አድንቆ ይመለሳል። ሁለተኛው ያየው ነገር እንዴት ሳይጠፋ እንደ ቈየ፤ የጐደለም ካለ በማን ቸልተኝነት እንደ ጐደለ ይጠይቃል። ዛሬ በሐሳብ ወደ ቻይና ሰሜን ምዕራብ፤ ዱንኋንግ ወደምትባለው የበረሓ ዳር ከተማ ስንጓዝ እንደ ሁለተኛው መንገደኛ እንሁን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዱንኋንግ በጥንት ዘመን የሐር ነጋዴዎች በረሓውን ከማቋረጣቸው በፊት ግመሎቻቸውን የሚያሳርፉባት ከተማ ነበረች። ከከተማዪቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሞጋዎ ገደል ላይ፤ በ366 ዓ.ም. ሌ ዙን የተባለ የቡድሃ መነኵሴ የመጀመሪያውን ዋሻ እንደ ፈለፈለ ይነገራል። ከዚያ በኋላ አንድ ሺሕ ዓመት ያህል መነኰሳት፤ መሳፍንትና ባለጸጎች እየተተካኩ ገደሉን ቤተ ጸሎት አደረጉት። ሥዕልና ምስል ያለባቸው 492 ዋሻዎች እስከ ዛሬ አሉ። የግድግዳው ሥዕል ስፋት 45,000 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፤ ከጭቃ ተሠርተው ቀለም የተቀቡት ምስሎች ከ2,000 ይበልጣሉ።

በ45ኛው ዋሻ ብትገቡ፤ ጭነታቸውን ይዘው ሲጓዙ ሽፍቶች ያገኟቸውን ነጋዴዎች ተሥለው ታያላችሁ። በ96ኛው ዋሻ ቁመቱ 35 ሜትር የሚያህል የቡድሃ ምስል ተቀምጧል። በብዙ ግድግዳ ላይም ለሥራው ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ከነቤተ ሰባቸው በሥዕሉ ግርጌ ተሰልፈው ይታያሉ፤ የአብያተ ክርስቲያኖቻችንን ሥዕል ለሚያውቅ ሰው ይህ ልማድ እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። በ1900 ዓ.ም. ዋንግ ዩዋንሉ የተባለ የታኦ ሃይማኖት መነኵሴ፤ አንዱን ዋሻ ከአሸዋ ሲያስጠርግ ከግድግዳው በስተ ኋላ የተሰወረ ትንሽ ክፍል አገኘ። ክፍሉ በጥቅልል መጻሕፍትና በሐር ላይ በተሣሉ ሥዕሎች ተሞልቶ ነበር፤ ቍጥራቸውም ወደ 50,000 ይገመታል። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለ ታሸገ፤ 900 ዓመት ያህል ማንም አላየውም። ከመጻሕፍቱ አንዱ በ868 ዓ.ም. የታተመው የአልማዝ ሱትራ ነው። የታተመበት ቀን ተጽፎባቸው ሳይጐድሉ ከቈዩት የኅትመት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ሲሆን፤ የጉተንበርግን መጽሐፍ ቅዱስ በ600 ዓመት ያህል ይቀድማል። ዋንግ ጂዬ የተባለ ሰው ስለ ወላጆቹ ብሎ፤ በነጻ እንዲታደል እንዳሠራው በመጨረሻው ላይ ተጽፏል።

መነኵሴው ያገኘውን አልደበቀም፤ ለአካባቢው ሹማምንት አስታወቀ፤ ከጥቅልሎቹም ጥቂቱን ላከላቸው። ሹማምንቱ ተመልክተው አደነቁ። ነገር ግን መጻሕፍቱን ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ማጓጓዙ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኙት፤ በ1904 ዓ.ም. ክፍሉ ተመልሶ እንዲዘጋ፤ መነኵሴውም እንዲጠብቀው አዘዙ። ጉዳዩም በዚህ አበቃ።

በ1907 ዓ.ም. በሀንጋሪያ ተወልዶ የእንግሊዝ ዜግነት ያገኘው ኦሬል ስታይን መጣ፤ 130 ፓውንድ ያህል ከፍሎ 24 ሣጥን መጻሕፍትና 5 ሣጥን ሥዕል ይዞ ሄደ። በዓመቱ የቻይናን ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቀው ፈረንሳዊው ፖል ፔልዮ ደረሰ፤ እርሱም በሻማ ብርሃን እያነበበ ምርጥ ምርጡን ወሰደ። የተረፈው ወደ ፔኪንግ እንዲሄድ ሲደረግ ዘመኑ 1910 ሆኖ ነበር፤ ከዚያም ላይ በመንገድ ብዙ ጐደለ።

ዛሬ የአልማዝ ሱትራ የሚገኘው በለንደን፤ በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍታችን ብዙዎቹ የሚገኙትም በዚያው ቤት ነው። የእኛዎቹ በጦር ኀይል ተወሰዱ፤ የዱንኋንጎቹ ግን አንድ ጥይት ሳይተኰስባቸው በጥቂት ገንዘብ ወጡ።

ጥፋቱን ለማረም የተነሣው ሰው በባዕድ አገር መነቃቱ ያስደንቃል። ቻንግ ሹሆንግ የተባለው ቻይናዊ ሠዓሊ ፓሪስ ሳለ፤ በ1935 ዓ.ም. በሴን ወንዝ ዳር ከመጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ፔልዮ ያሳተማቸውን የዱንኋንግ ፎቶግራፎች አየ። የገዛ አገሩን ጥበብ ሳያውቅ የውጭውን ሲያጠና መኖሩ ቈጨው። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1944 ዓ.ም. በዱንኋንግ የተቋቋመው የምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነ። በዚያ በረሓ የአሸዋ መከላከያ ግንብ አሠራ፤ ዛፍ አስተከለ፤ ሠዓሊዎችን ሰብስቦ የግድግዳውን ሥዕል እያዩ እንዲገለብጡ አደረገ። ዋሻዎቹ በ1987 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። አሁን ጐብኚው የሚገባው ከአስጐብኚ ጋር ነው፤ የብዙ ሰው እስትንፋስና እርጥበት ሥዕሉን ይጐዳልና።

በመንግሥት ሥራ ላይ የምትገኙ አንባብያን ሆይ፤ እነዚያ ሹማምንት መጻሕፍቱን አልሸጡም፤ አላቃጠሉምም። ያደረጉት ወጪ መቈጠብና ጉዳዩን ወደ መጣበት መመለስ ነበር። ከትእዛዛቸው ቀን እስከ መጀመሪያው ሣጥን መውጣት ያለፈው ጊዜ 3 ዓመት ብቻ ነው። ከአንድ ሩቅ ደብር ስለሚያፈስ ዕቃ ቤትና ስለ ብራና መጻሕፍት የሚያመለክት ደብዳቤ ከጠረጴዛችሁ ላይ ቢደርስ፤ «ባሉበት ይጠበቁ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚያን 3 ዓመታት አስቡ።